የመጋዘኑ ሪፖርት ስንት ይፈጃል?

የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢያችን ማሳወቂያ የደረሰን በኢሜይል ነበር፤ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ብቻ ነበሩት። የመጀመሪያው ስለ ደንበኝነታችን ያመሰግናል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሚቀጥለው የክፍያ ወቅት ጀምሮ ወርሃዊው ሒሳብ እንደሚጨምር፣ በጥቅሉ ውስጥ የነበረው ቅድሚያ የሚሰጠው ዳታም፣ ማለትም መስመሩ ሲጨናነቅ ቀድሞ የሚያልፈው፣ እንደሚቀንስ ይገልጻል። የምሠራበት ድርጅት የፋይበር መስመር በማይደርስባቸው ቦታዎች የሥራ ጣቢያዎች አሉት፤ እኔ ያለሁበት የፋይናንስ ክፍል የእነዚህን ጣቢያዎች የግንኙነት ወጪ ይከፍላል። ማሳወቂያውን ካነበብኩ በኋላ ሲያብሰለስለኝ የሰነበተው የጭማሪው መጠን አልነበረም። ዋጋ ይጨምራል፤ ነዳጁም፣ መለዋወጫውም፣ የመድን ዋስትናውም ጨምሯል። ይሁን እንጂ ስለ ነዳጅ ስጠየቅ ሊትሩን ከኪሎሜትሩ ጋር አገናዝቤ መልስ እሰጣለሁ፤ ስለ ሳተላይት ኢንተርኔት ስጠየቅ ግን የምከፍለው ገንዘብ ወደ የትኛው ሥራ እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድም ሰነድ በድርጅቱ ውስጥ አልነበረም።

በሥራ አመራር ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳቦች ተነሡ። አንደኛው አቅራቢ እንቀይር የሚል፣ ሁለተኛው ከሁሉም ጣቢያዎችና ክፍሎች በእኩል መቶኛ እንቀንስ የሚል ነበር። ሁለቱም ለጆሮ የሚስማሙ ናቸው፤ እኔ ግን ሁለቱንም አልወደድኳቸውም። የመጀመሪያውን ያልተቀበልኩበትን ምክንያት አስቀድሜ ላስረዳ። ሁለተኛውን ያፈረሱት ከአንዱ ጣቢያ በስልክ ስብሰባውን የተካፈሉት የመጋዘን ኃላፊያችን ናቸው፤ ያፈረሱትም በአንድ ጥያቄ ነው።

ዋጋው ለምን አይረጋም

የሳተላይት ግንኙነት ገና ከመነሻው ገንዘብ የሚበላ ንግድ ነው። ኢሪዲየም የተባለው የሳተላይት ስልክ ኩባንያ ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1998 መገባደጃ አገልግሎት ጀመረ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በኦገስት 1999፣ ከአበዳሪዎቹ የሚጠብቀውን የኪሳራ ከለላ ከፍርድ ቤት ጠየቀ። ንብረቱ በኋላ የተሸጠው በ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከኪሳራው በኋላ ለብዙ ዓመታት በኢሪዲየም የደወለ ሰው ሁሉ ሌሎች ባለገንዘቦች ያጡትን ገንዘብ በከፊል እየተጠቀመ ነበር ማለት ይቻላል። የሳተላይት ኢንተርኔት ኩባንያው ዋንዌብም በማርች 2020 በተመሳሳይ መንገድ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የብሪታንያ መንግሥትና የሕንዱ ባርቲ ቡድን ገዝተውት ተረፈ። ሁለቱም መረቦች ዛሬም ይሠራሉ። እንዲህ ያለውን ታሪክ ያየ ባለሀብት ዛሬ ገንዘቡን ሲያወጣ ቶሎ መመለሱን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ደንበኛን ለመሳብ የወረደ መነሻ ዋጋ ለዘላለም ይቆያል ብሎ በጀት መያዝ አያዋጣም።

ሌላው ምክንያት ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ የሚቀመጡት ትልልቅ ሳተላይቶች አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲያገለግሉ ታስበው የሚሠሩ ናቸው። ስታርሊንክ የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት አቅራቢ ከሜይ 2019 ጀምሮ በብዛት ያመጠቃቸው ዓይነቶቹ ግን በ550 ኪሎሜትር አካባቢ የሚዞሩና አምስት ዓመት ገደማ ካገለገሉ በኋላ ወደ ከባቢ አየር ወርደው የሚቃጠሉ ናቸው። ቅርበታቸው ትልቅ በረከት ነው፤ በሩቁ ሳተላይት ጥያቄ ሄዶ መልስ እስኪመለስ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ሲፈጅ፣ በቅርቡ ሳተላይት ግን ሰው ሲነጋገር መዘግየቱን አያስተውለውም። የዚህ በረከት ዋጋ ታዲያ መረቡ በሙሉ በየጥቂት ዓመቱ እንደ አዲስ መተካቱ ነው፤ የመተኪያው ገንዘብ ደግሞ ከደንበኛው ወርሃዊ ክፍያ ይመጣል።

በዚህ ላይ አንድ ሳተላይት ወደ አንድ አካባቢ የሚልከው የሬድዮ ሞገድ አቅም የተወሰነ ነው። ምንጩ አንድ ሆኖ ቀጂው ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ይቀንሳል፤ አቅራቢውም ወይ አዲስ ደንበኛ መቀበሉን ያቆማል፣ ወይ ዋጋውን ይጨምራል፣ ወይም ቅድሚያ ለሚፈልግ ተጨማሪ ያስከፍላል። ንግድ ድርጅቶች በአብዛኛው ከሦስተኛው ወገን ነን። አቅራቢዎቹም እየተጠቃለሉ መጥተዋል፤ በ2023 ቪያሳት ኢንማርሳትን ገዛ፣ በዚያው ዓመት ዩተልሳትና ዋንዌብ ተዋሐዱ፣ በጁላይ 2025 ደግሞ ኤስኢኤስ ኢንተልሳትን ጠቀለለ። አማዞን በ2025 የራሱን ሳተላይቶች በብዛት ማምጠቅ መጀመሩ ለፉክክሩ መልካም ዜና ቢሆንም፣ ነገ ሊመጣ በሚችል ተወዳዳሪ የዛሬን ሒሳብ መክፈል አይቻልም። አቅራቢ ብንቀይር የምንሄደው ተመሳሳይ ወጪ ወዳለበት ሌላ ኩባንያ ነው፤ ያውም አዲስ አንቴና ገዝተን፣ ምክንያቱም የአንዱ አቅራቢ ዲሽና ሞደም በአብዛኛው ለሌላው አያገለግልም።

የመጋዘን ኃላፊዋ ጥያቄ

ሁለተኛው ስብሰባ የተጠራው የቅነሳውን መቶኛ ለመወሰን ነበር። የቴክኖሎጂ ባለሙያችን የአንዱን ጣቢያ የራውተር (ኢንተርኔቱን ለየመሣሪያው የሚያከፋፍለው ሣጥን) መዝገብ አትሞ አመጣ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በወሩ ውስጥ የላከውና የተቀበለው ዳታ ተዘርዝሮበታል። ወረቀቱ ገና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የየክፍሉ ተወካዮች የሥራቸውን አስፈላጊነት ማስረዳት ጀመሩ። እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ስለ ቅነሳ ሲወራ አስፈላጊ ያልሆነ ሥራ የሚሠራ ሰው አይገኝም። አጥብቆ የተናገረ ብዙ ይተርፍለታል፤ ዝም ያለ ይቀነስበታል።

የመጋዘን ኃላፊዋ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር ከስብሰባው የወጡ መስሎን ነበር። በመካከል ግን ድምፃቸው መጣ፤ «እንደው ልጆቼ፣ እኔ በየማታው የምልከው ሪፖርት ስንት ይፈጃል?» አሉ። ጥያቄው ከስጋት የመጣ ነበር። ሪፖርቱን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲልኩ የሚታዘዙ መስሏቸው፣ የትኛውን አምድ አስቀርተው የትኛውን እንደሚያሳጥሩ ሲያስቡ ቆይተዋል።

ባለሙያችን አንዱ ሪፖርት 40 ኪሎባይት ገደማ እንደሚሆን፣ የወሩ ሁሉ ተደምሮ ወደ 1 ሜጋባይት እንደሚጠጋ ነገራቸው። ሥራ አስኪያጁ «ታዲያ ይህ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» ብለው ጠየቁ። ባለሙያው ተነሥቶ በሰሌዳው ላይ ስሌት ጻፈ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት (ስምንት ሜጋቢት አንድ ሜጋባይት ነው) የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሳያቋርጥ ሠላሳ ቀን ቢሠራ 324 ጊጋባይት ይፈጃል። በጣቢያው ያሉት የጥበቃ ካሜራዎች እያንዳንዳቸው በሰከንድ 2 ሜጋቢት ምስል ሌትና ቀን ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የሩቅ ማከማቻ፣ ይልካሉ፤ ስለዚህ አንዱ ካሜራ ብቻውን በወር 648 ጊጋባይት ይወስዳል። የመጋዘን ኃላፊዋ ወር ሙሉ የሚልኩትን ሪፖርት ያህል ዳታ አንዱ ካሜራ በአራት ሰከንድ ይጨርሰዋል። የጥበቃ ክፍል ኃላፊው ስሌቱ እንዲደገም ጠየቁ። ተደገመ፤ ያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ብዙውን አላስታውስም፤ እኔ በሐሳብ ወደዚያ ሪፖርት ሄጄ ነበር። የግዢ ክፍል በማግሥቱ ጠዋት የትኛው መለዋወጫ በየትኛው መኪና እንደሚጫን የሚወስነው በእርሱ ነው። ሪፖርቱ አንድ ማታ ካልደረሰ መኪናው የማይፈለገውን ጭኖ ይሄዳል፣ በጣቢያው ያለው ማሽን ቆሞ ይውላል፣ የቆመ ማሽን የአንድ ቀን ኪሳራ ደግሞ ከወሩ የኢንተርኔት ሒሳብ ሊበልጥ ይችላል። ከካሜራዎቹ በወር ውስጥ ከሚመጣው ምስል ግን ሰው ተቀምጦ የሚያየው ምን ያህሉን ነው? አንድ ነገር ካልጠፋ በስተቀር ማንም አይከፍተውም።

ነገሩን እያገላበጥኩ ስሄድ ሌላም ነገር ታየኝ። የሳተላይት ሒሳብ የሚጻፈው በጊጋባይት ነው፤ የድርጅቱ ሕይወት የተንጠለጠለባቸው መልእክቶች ግን በጊጋባይት የሚቆጠሩ አይደሉም። የክፍያ ማረጋገጫ፣ የዕቃ ዝርዝር፣ የአደጋ ጥሪ፣ የነዳጅ ቆጣሪ ንባብ፣ ሁሉም በኪሎባይት የሚለኩ ናቸው። ከሁሉም እኩል መቶኛ እንቀንስ የሚለው ሐሳብ ፍትሐዊ የሚመስለው ይህንን ስለማያይ ነው፤ ከ1 ሜጋባይት ላይ ሃያ በመቶ መቀነስ ለማንም አይተርፍም፣ የሚቀነስበትን ሥራ ግን ያበላሻል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ትንሹ መልእክት ከትልቁ ጋር በአንድ መስመር መሰለፉ ነው። ጣቢያው ቅድሚያ የሚሰጠውን ዳታ ጨርሶ ፍጥነቱ ሲወርድ፣ የመጋዘኑ ሪፖርት ከካሜራው ምስል በስተኋላ ወረፋ ይጠብቃል። ከዚህ ቀደም «ሪፖርቱ በሰዓቱ አይደርስም» የሚል ቅሬታ በመጣ ቁጥር ድርጅቱ ከፍ ያለ ጥቅል ይገዛ ነበር፤ የተጨመረውን አቅም ግን ካሜራው፣ ዝማኔውና ቪዲዮው ተሻምተው ይወስዱታል። አገልግሎቱ የተጨመረው በመጋዘኑ ስም፣ ጥቅሙ የዋለው ለሌላው መሆኑ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ነገር በትክክል የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ምጣኔውም ያለው በአቅራቢው ጥቅል ውስጥ ሳይሆን በእኛ ራውተር ላይ ነው።

ምን አሁን ይሂድ፣ ምን ይቆይ

ከስብሰባው በኋላ ለየክፍሉ የምናቀርበውን ጥያቄ ቀየርን። «ይህ አስፈላጊ ነው?» ብሎ መጠየቅን ተውን፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነውና። በምትኩ «ይህ ነገር ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ምን ይበላሻል? እስከ ነገ ቢቆይስ?» ብለን ጠየቅን። ሰዎች ለዚህ ጥያቄ በሚያስገርም ቅንነት መልስ ይሰጣሉ፤ ሥራቸው ዋጋ አለው ወይ ብሎ የሚፈትናቸው ስለሌለ ይመስለኛል።

የካሜራዎቹ ጉዳይ ከሁሉም የበለጠ አከራከረ። ምስሉ እዚያው ጣቢያ ባለ የመቅጃ ዲስክ ላይ ይቀመጥ፣ ወደ ላይ የሚላከው በተከለከለ ሰዓት እንቅስቃሴ ሲታይ ብቻ ይሁን አልን። የጥበቃ ክፍል ኃላፊው «ሌባው ዲስኩንም ይዞት ቢሄድስ?» ብለው ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው ትክክል ነበር። በመጨረሻ ዲስኩ ከካሜራዎቹ ርቆ በተቆለፈ ክፍል እንዲቀመጥ፣ ከዚያ በተጨማሪ እያንዳንዱ ካሜራ በየጥቂት ደቂቃው አንድ ነጠላ ፎቶ እንዲልክ ተስማማን። ነጠላ ፎቶ ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ሌባ ቢመጣ ግን ቢያንስ መምጣቱን ይናገራል።

የኮምፒውተሮቹ ዝማኔ ያለ ብዙ ክርክር አለፈ። በአንድ ቢሮ ያሉ ማሽኖች ሁሉ አንዱን ፋይል እያንዳንዳቸው ከሰማይ ሲያወርዱ ነበር፤ ዊንዶውስ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን እንዲያውቅ የሚያደርግ ምርጫ፣ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ለጎረቤቶቹ እንዲያካፍል የሚፈቅድም ምርጫ አለው። ሁለቱንም ማብራት ክፍያ የማይጠይቅ ሥራ ነው። የድሮ ሰነዶችና የካርታ ፎቶዎች ክምችት ደግሞ ከነጭራሹ ከመስመሩ ወጣ። 1 ቴራባይት ፋይል በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ሲላክ ከዘጠኝ ቀን በላይ ይፈጃል፤ ወደ ጣቢያው የሚመላለሰው የጭነት መኪና ግን ዲስኩን በኪስ ይዞ ከዚያ ቀድሞ ይመለሳል። ምስጢራዊ ሰነድ ከሆነ ዲስኩን መመስጠር ግድ ነው።

የቀረው ራውተሩ ላይ የተሠራ ሥራ ነው። ትንንሾቹና አስቸኳዮቹ መልእክቶች ቀድመው እንዲያልፉ፣ የዕለቱ ሰነዶች መጠባበቂያ ቅጂ በሌሊት ብቻ፣ ያውም የተለወጠው ክፍል ብቻ እንዲላክ ተደረገ። አንዳንድ አቅራቢዎች በውድቅት ሌሊት የተጠቀሙበትን ዳታ ከጥቅሉ አይቆጥሩም፤ እንዲህ ያለ ውል ያለው ድርጅት የሌሊቱን ሥራ ለማሽኖቹ መተው አለበት። የሠራተኞች ስልክ ያነሣውን ፎቶ ሁሉ ወዲያው ወደ ክላውድ መላኩም የራሱ ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ እርሱን ግን በትእዛዝ ማስቆም አልፈለግንም፤ ይህ ወደሚቀጥለው ነገር ይወስደኛል።

ሰዎቹ

በማንኛውም የቅነሳ ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚጻፈው የሠራተኞች የግል አጠቃቀም ነው። ለመቅጣት ይመቻል፤ ከኋላው የሚከራከርለት ክፍል የለውም። ከሥራ አመራር አባላት አንዱ ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለው አጠቃቀም በሙሉ እንዲዘጋ ሐሳብ ሲያቀርቡ ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን በዚህ ላይ አጥብቄ ተከራከርኩ፤ አሁንም አቋሜ ያው ነው።

ሰው ከቤተሰቡ ርቆ ለወራት በሚቆይበት ጣቢያ ላይ ኢንተርኔት ከደመወዙ ቀጥሎ የሚታይ ነገር ነው። ማታ ልጁን በምስል አይቶ የሚተኛ መካኒክ ኮንትራቱን ያድሳል፤ የማያይ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በእርሱ ምትክ ሌላ ባለሙያ ፈልጎ፣ አሠልጥኖ፣ እዚያ ድረስ ለማድረስ የሚወጣውን ወጪ ከጥቂት ጊጋባይት ጋር ማወዳደር ለፋይናንስ ሰው ከባድ ስሌት አይደለም። እርግጥ የግል አጠቃቀም ሁሉ የቤተሰብ ጥሪ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። ከፍተኛ ጥራት ያለው ፊልም በሰዓት 3 ጊጋባይት ያህል ሲፈጅ፣ ጥራቱ ዝቅ ብሎ ሲታይ 1 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በታች ይበቃዋል፤ በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ደግሞ ልዩነቱን ዓይን እምብዛም አይለየውም።

ስለዚህ ለሠራተኞች የተለየ የዋይፋይ መስመር ተከፈተ፤ የራሱ ወርሃዊ መጠን አለው፣ ፍጥነቱም ምስል ያለበት ጥሪ በሚገባ የሚያስተናግድ፣ ከፍተኛ ጥራት ላለው ፊልም ግን የማይመች ነው። ማን ምን እንደሚያይ የሚመረምር የለም። የቀረው መጠን በየጊዜው በመመገቢያ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ማን ፊልም አወረደ የሚለው የእነርሱ የእርስ በርስ ጉዳይ ነው። አስተዳደሩ ፖሊስ ሆኖ የሚያቆመው ነገር ከዚህ በብዙ ያንሳል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ባላ

ወጪ መቀነስ ሲጀመር የሚቀጥለው ዒላማ ተጠባባቂው መስመር ነው። በየጣቢያው ከዋናው መስመር ሌላ፣ በሩቁ ሳተላይት በኩል የሚሠራ አነስተኛ ቪሳት (ትንሽ ዲሽ ያለው የሳተላይት መገናኛ) አለን። ዓመቱን በሙሉ ተከፍሎበት አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ እርሱ የሚያሳፍር ነገር የለም።

ይሁን እንጂ «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። በፌብሩዋሪ 2022 ኬኤ-ሳት የተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት አገልግሎት በሳይበር ጥቃት ሲመታ በአውሮፓ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞች ከጥቅም ውጭ ሆነዋል፤ በመካከለኛው አውሮፓ 5,800 ያህል የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ተለያይተዋል። በኦክቶበር 2024 ኢንተልሳት 33ኢ የተባለው ሳተላይት፣ ከመጠቀ ገና ስምንት ዓመቱ፣ በምሕዋሩ ላይ ተሰባብሮ ቀረ። በጁላይ 2025 ደግሞ የስታርሊንክ አገልግሎት በውስጣዊ የሶፍትዌር ብልሽት ምክንያት በዓለም ዙሪያ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቋርጦ ነበር። ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው፤ ከሦስቱ አንዱንም ደንበኛው በምንም ጥንቃቄ ማስቀረት አይችልም ነበር።

የመጋዘን ኃላፊዋ ጥያቄ እዚህም ላይ አገለገለን። ተጠባባቂው መስመር ጣቢያውን በሙሉ መሸከም አለበት ብለን ስናስብ ውድ ነበር። መሸከም ያለበት በኪሎባይት የሚቆጠሩትን መልእክቶች ብቻ መሆኑን ስንረዳ ከሁሉ ያነሰው ጥቅል በቃው፤ ክፍያውም ወረደ። የሞባይል ኔትወርክ በደካማውም ቢሆን የሚደርስበት ጣቢያ ላይ ደግሞ ቪሳቱ ቀርቶ የሞባይል ራውተር ተተካ። በሩቁ ሳተላይት ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። አቅራቢዎቹ መዘግየቱን ለማካካስ በሞደሙ ውስጥ ማፍጠኛ ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ሁሉም ነገር በቪፒኤን (ዳታን መስጥሮ በኢንተርኔት በሚያሳልፍ የግል መስመር) ተመስጥሮ ሲያልፍ ግን ዘዴው የሚያነበውን ያጣና መስመሩ ከተከፈለበት ፍጥነት በታች ይሄዳል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ከፍ ያለ ጥቅል ይገዛሉ፤ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን የቪፒኤኑ አሠራር ነው።

ውሉ

ከአቅራቢያችን ጋር የተደራደርነው ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ለውጥ አምጥቷል። ሳይለኩ የሚደራደሩ ሰዎች የሚጠይቁት ቅናሽ ነው፤ ለቅናሽ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ለሦስት ዓመት ፈርሙ የሚል ነው። ረጅም ውል ወርሃዊውን ክፍያ ያወርዳል፣ ነገር ግን ቴክኖሎጂው በየዓመቱ በሚለዋወጥበት በዚህ ጊዜ ድርጅቱን ከነገው የተሻለ አማራጭ ያግደዋል። እኛ አጭር ውል መረጥን፤ በምትኩ የዋጋ ለውጥ ሲኖር ረዘም ያለ ቅድመ ማስታወቂያና ያለ ቅጣት የመውጣት መብት ጠየቅን። የመጀመሪያውን አገኘን፤ ሁለተኛውን በከፊል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመን በማስታወቂያ ላይ ያለውን «እስከ» የሚለውን ፍጥነት ትተን የተረጋገጠውን ፍጥነት መጠየቃችን ነው። «እስከ» የተባለው ሌላው ደንበኛ ሁሉ ተኝቶ እያለ የሚገኝ ነው፤ የተረጋገጠው ግን መስመሩ በተጨናነቀ ሰዓትም የማይወሰድ ነው፤ በጣም ውድ የሆነውም ለዚህ ነው። የእኛ አስቸኳይ መልእክቶች ትንሽ መሆናቸውን ካወቅን በኋላ የሚያስፈልገን የተረጋገጠ አቅም ከገመትነው እጅግ ያነሰ ሆነ። የሁሉም ጣቢያዎች ዳታ በአንድ ቋት ሆኖ አንዱ ያልተጠቀመበትን ሌላው እንዲወስደው፣ በየወቅቱ የሚዘጋው ጣቢያም በተዘጋበት ጊዜ እንዳይከፈልበት በውሉ ውስጥ ገባ።

ሒሳቡን ስሠራ ከአቅራቢው ደረሰኝ ውጭ ያሉትንም ደመርኩ። ወደ ሰማይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚያነጣጥረው ጠፍጣፋ አንቴና በአማካይ 75 ዋት ቢወስድ በወር 54 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ጄኔሬተር ወይም የፀሐይ ኃይል ብቻ ባለበት ጣቢያ ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሌሊት ማንም በማይኖርበት አነስተኛ ጣቢያ አንቴናው በሰዓት መቆጣጠሪያ እንዲጠፋ አደረግን። የውጭ ምንዛሪ ልዩነት፣ ቋሚ የአይፒ አድራሻ፣ የተበላሸ ገመድ ለመቀየር የሚላክ ባለሙያ የጉዞ ወጪ፣ እነዚህ ሁሉ ከዚህ በፊት በተለያዩ የሒሳብ መደቦች ውስጥ ተበታትነው ነበርና አንድ ላይ ማንም አይቷቸው አያውቅም።

ጭማሪው አልቀረም፤ ማሳወቂያው እንዳለው ከተባለበት ወር ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል። ጥቅሎቹን ዝቅ በማድረጋችን ግን አጠቃላይ ሒሳቡ ከጭማሪው በፊት ከነበረው በታች ነው። እኔ አሁን የምሠራው የየክፍሉን አጠቃቀም በየክፍሉ በጀት ላይ እንዲጻፍ ማድረግን ነው፤ ከማዕከል የሚከፈል ነገር ባለቤት የለውምና። የመጋዘኑ ክፍል ድርሻ ሲሰላ ወደ ዜሮ ተጠጋጋ። የመጋዘን ኃላፊዋ ይህንን ሲሰሙ ሪፖርታቸው ላይ የዕቃዎቹን ፎቶ መጨመር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። የጥበቃ ክፍል ኃላፊው ደግሞ ሁለት ካሜራዎች ብቻ እንደ ቀድሞው ቀጥታ ምስል እንዲልኩ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ምክንያታቸው ተገቢ ነው፤ ከእነርሱ አንዱ የነዳጅ ማጠራቀሚያውን የሚያይ ነው። ፈቃዱን ከወርሃዊ ወጪው ስሌት ጋር አያይዤ ልኬላቸዋለሁ፤ የሚከፈለውም ከክፍላቸው በጀት እንደሚሆን ገልጫለሁ። እስካሁን ፊርማቸውን አልላኩም።